ግንዲላ ያቀፈችው በረኛ

ዜሊ ማርሻንዶ ያን ዕለት ጠዋት ደጃፏን ጠርጋ እንኳ ሳትጨርስ ነው ጉዱ የጀመራት። ውሃ ተሸካሚው ባርናቤ ሁለቱን ባልዲዎች ከትከሻው እንጨት ላይ አንጠልጥሎ ሲገባ፣ እንደ ወትሮው «እንደምን አደሩ ማዳም ዜሊ» ማለት ሲገባው፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ «እንደምን አደሩ እማማ ግንዲላ!» አላት።

«ማን አልከኝ?»

«እኔ ምን አልኩ? ሰው ሁሉ የሚለውን ነው።»

«ሰው ሁሉ ምን አለ?»

«ኧረ እኔ የለሁበትም!» ብሎ ውሃውን እያንቦጫቦጨ ደረጃውን ወጣ። ደረጃውን ጎንበስ ብላ ያጠበችው ገና አሁን ነበር።

መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ዳቦ ቤት ሄደች። እዚያ ደግሞ ባሰ። ዳቦ ሻጯ ሁለት ዳቦ በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ትልቁን ነው ትንሹን የሚያነሱት?» ብላ ጠየቀቻት። ወረፋ የቆሙት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። ከሁሉ አብልጣ የምትስቀው ደግሞ ኖሪን ናት፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት በረኛ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት እየተያዩ ደጅ አብራት የጠረገች ሴት። ሆዷን ይዛ ነው የምትስቀው።

«ምን ሆናችኋል? ፊቴ ላይ ጥላሸት አለ?» አለች ዜሊ።

«ሂጂና የሥዕል ሱቁን መስኮት እዪ!» አለቻት ኖሪን እንባዋን እየጠረገች። «ዝነኛ ሆነሻል እኮ! ገና ሳየው ነው ያወቅኩሽ፤ ‹ያቺማ የኛዋ ዜሊ ናት› አልኩ። ይኸው ምስክር!»

ዜሊ ዳቦውን ትታ ወጣች።

የሥዕል ሱቁ ከመንገዱ ጫፍ ላይ ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ በድንጋይ የታተመ አዲስ ሥዕል መስኮቱ ላይ ይሰቀላል፤ የዚያ ሳምንቱም ትናንት ወጥቷል፤ መግዣ የሌለው ሁሉ በነፃ ሊስቅ እዚያ ይኮለኮላል። ወታደሩ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ቢሮው የረፈደበት ጸሐፊ፣ አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል። ዜሊ በክርኗ እየገፋች ፊት ደረሰች።

ሥዕሉ ላይ ያለችው በረኛ ናት። አገጯ ሦስት፣ አፍንጫዋ ድንች፣ ቆቧ የተበላሸ ጎመን። አንድ ወፍራም ግንዲላ እንደ ጡት ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋ በፍቅር ታየዋለች። አጠገቧ አንድ ምስኪን ተከራይ፣ አፍንጫው ሥር በረዶ ተንጠልጥሎ፣ አንዲት ጭራሮ ይዞ ይንቀጠቀጣል። ከበላያቸው የወይን ዘለላ የተቀረጸበት የድንጋይ በር፣ ጎኑም የበረኛዋ መስኮት አለ። ከሥሩ ጽሑፍ አለው፤ ዜሊ ግን ማንበብ የምትችለው የደብዳቤ አድራሻ ያህል ነውና ፊደሉን ስትቆጥር፣ ጸሐፊው ከኋላዋ ድምፁን እንደ ሴት አቅጥኖ አነበበው።

«ትንሿን እኮ ነው ያነሳሁት፣ ሙሴ!» ተከራዩን «ጌታዬ» ማለቷ ነው።

ሰው አውካካ። ዜሊ አልሳቀችም። መጀመሪያ በሩን አወቀችው። ቀጥሎ ቃሉ ገባት። ያ ቃል የራሷ ቃል ነው። ለማን እንደተናገረችው፣ የት ቆማ እንደተናገረችው፣ ግንዲላው ስንት ሰንጣቃ እንደነበረው ሳይቀር ታስታውሳለች። ደሟ ከእግሯ እስከ ጭንቅላቷ ፈላ፤ የወታደሩን እግር ረግጣ ወጣች፣ ይቅርታም አልጠየቀች።

አሁን ስለዚህ ግንዲላ አንድ ነገር ልበል፤ ዝም ካልኩ ያ ሳቂ ሁሉ እውነት ይመስለዋል። በእኛ ፓሪስ የማገዶ ጋሪ በበሩ ሲገባ በረኛዋ አንድ ግንዲላ ታነሳለች። ስርቆት አይደለም፣ ልመናም አይደለም፣ ደንብ ነው። ጋሪ ነጂው ያውቀዋል፣ ተከራዩ ያውቀዋል፣ ባለቤቱም በረኛ ሲቀጥር ይኸንኑ ቆጥሮ ነው ደሞዟን እፍኝ የማይሞላ የሚያደርገው። ከዚያ ውጭ እሳት የላትም። ክፍሏ ደረጃው ሥር ነው፤ ቁመቷ ረዘም ያለ ሴት ቀና ብላ አትቆምበትም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ የሚገባው ወደ እሷ ነው። ሌሊት ሰካራሙ ሁሉ «ገመድ!» እያለ ሲጮህ ከአልጋዋ ሆና ገመዱን ስባ የምትከፍትለት እሷ ናት፤ ደብዳቤውን የምታደርስ፣ ደረጃውን የምታጥብ፣ የሞተውን የምትገንዝ እሷ ናት። ለዚህ ሁሉ አንድ እንጨት! እሱንም ማንሳቷ ያስቃል! እስቲ የሚስቀው ሰው አንዲት የጥር ሌሊት እዚያ ደረጃ ሥር ይደርና ጠዋት ይሳቅ።

ዜሊ ከገጠር የመጣችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ለግርድና። ልብስ ሰፊ አገባች። ሁለቱ አብረው የበሩን ሥራ ያዙ፤ እሱ መስኮቱ ሥር እግሩን አጣጥፎ ይሰፋ ነበር። የኮሌራው ዓመት መጣና ሰኞ ታመመ፣ ረቡዕ ቀበረችው። ልጅ የላቸውም። ከዚያ ወዲህ ያላት ያ ክፍል፣ ያ ገመድ፣ የባሏ የክረምት ካፖርትና ስሟ ነው። ስሟ ጥሩ ስም ነበር፤ በዚያ መንገድ ላይ ዜሊ ደብዳቤ ከፍታ አነበበች፣ ዜሊ ከአንዱ ወደ አንዱ ወሬ አመላለሰች የሚል ሰው አልነበረም።

አምስተኛ ፎቅ ጣሪያው ሥር ሰዓሊው ሙሴ ሲፕሪያን ይኖራል። ፀጉሩ የማይበጠር፣ ምላሱ ጣፋጭ፣ ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው። ለሥዕል ሱቁ ሥዕሎቹን የሚሠራው እሱ ነው። ባለፈው ኅዳር ደረቱን ታመመ፤ ሳሉ ከታች ይሰማ ነበር። ያ ሁሉ አብሮት የሚጠጣ ጓደኛው አንድም ብቅ አላለም። ዜሊ የጎመን ሾርባ ይዛ ወጣች። ክፍሉ ስትገባ ትንፋሿ ጭስ ሆኖ ታየ፤ ምድጃው ውስጥ አመድ እንኳ አልነበረም። በማግስቱ የማገዶ ጋሪ ገባ። በደንቡ ግንዲላዋን አነሳች፣ መርጣ፣ የጋሪውን ወፍራም። አነሳችና ወደ ክፍሏ አልገባችም። እዚያው እንዳቀፈችው አምስት ፎቅ ወጣች፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ፣ በየወለሉ እያረፈች።

ሲፕሪያን ከብርድ ልብሱ ውስጥ ራሱን አውጥቶ አያት። «ኧረ ማዳም ዜሊ! የራስዎን እንጨት? በፍጹም! ይመልሱት!»

«ዝም ብለህ ተኛ ልጄ» አለችው እያለከለከች። «ትንሿን እኮ ነው ያነሳሁት።»

እንዲህ ያለችው እንዳይሳቀቅ ብላ ነው። እስኪያገግም ድረስ ከዚያ በኋላ የደረሳትን ግንዲላ ሁሉ ለእሱ አነደደች፤ እሷ ታች በባሏ ካፖርት ተጠቅልላ ተኛች። ቀና ማለት ሲጀምር ድንጋዩን ጭኑ ላይ አድርጎ በቅባታም ጥቁር ጠመኔ ሲስል እያየች አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን «ፊደሉን ምነው ገልብጠህ ትጽፋለህ?» ብላ ጠየቀችው። «ድንጋዩ ላይ ወረቀት ተጭኖ ስለሚታተም ነው እናቴ፤ ድንጋዩ ላይ ቀኝ የነበረው ወረቀቱ ላይ ግራ ይሆናል» አላት። እናቴ ይላት ነበር፤ ትኩሳቱ እስኪለቀው።

እንግዲህ የቆመችበትን በር፣ ያቀፈችውን ግንዲላ፣ የተናገረችውን ቃል ወስዶ ነው ያን የሠራው። እሷ ስትሰጥ ያየውን ስትነጥቅ አድርጎ። እሷ «ልጄ» ነበር ያለችው፤ እሱ «ሙሴ» አደረገው። ወይ አንጀት!

ወደ ቤት ስትመለስ የቤቱ ባለቤት ሙሴ ላቱሽ አንደኛ ፎቅ ደረጃው ራስ ላይ የቤት ካባውን እንደለበሰ ይጠብቃታል።

«ነይ አንቺ፣ ነይ ወዲህ!»

«አቤት ጌታዬ።»

«ትናንት ማታ የልጄ አማቾች ሊሆኑ የመጡ ሰዎች በገዛ ማዕዴ ላይ በቤቴ በር ሳቁ። ሰምተሻል? በቤቴ በር! የወይን ዘለላውን አውቀውታል። ‹በእርስዎ ቤት ማገዶው ለበረኛዋ ነው አሉ፣ ልጃችን በብርድ እንዳያልቅ› አሉኝ። ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ያቺ ሴት አንቺ ነሽ?»

ዜሊ የደረጃውን መደገፊያ በሽርጧ መጥረግ ጀመረች። መዋሸት አልለመደችም፤ እውነቱን ለመናገርም አልደፈረችም።

«እሺ። ነገ ሰዓሊውን ራሱን ጠርቼ እጠይቀዋለሁ። አንቺ አይደለሽም ካለ እሰየው፣ ትኖሪያለሽ። አንቺ ከሆንሽ ግን ሚያዝያ ላይ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ። ቤቴ የመንገድ መሳቂያ አይሆንም።»

ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ አብጧል። ለእንደዚህ ያለች ሴት ከዚያ ክፍል ቀጥሎ የሚከፈተው በር የድሆች መጦሪያው ነው፤ ሰውም ሁሉ ያውቃል፣ ላቱሽም ያውቃል። ዜሊ ግን ያን ጊዜ ስለ መጦሪያው አላሰበችም። ቀጥ ብላ ሽቅብ ወጣች፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ የትም ሳታርፍ። ንዴት ጉልበት ይሆናል ለካ። አምስተኛ ፎቅ ስትደርስ በሩን በጡጫ ደበደበችው።

«ማነው?»

«የሳልከኝ ነኛ! ክፈት!»

ሲፕሪያን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከፈተ። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ድንጋይ ተቀምጧል፤ ለሚመጣው ሐሙስ ጀምሮታል። «ማዳም ዜሊ! ይግቡ፣ ይቀመጡ...»

«አልቀመጥም! ምን በድዬህ ነው? ቁጭ ብለህ ንገረኝ። ምን አድርጌህ ነው አንተ?»

አምስት ዓመት «እርስዎ» ስትለው ኖራለች። ሲታመም አንተ አለችው፣ ሲድን ወደ እርስዎ ተመለሰች። ይኸኛው አንተ ግን የእናት አልነበረም፤ እሱም ገባው፣ ፊቱ ቀላ።

«እርስዎን አይደለም እኮ የሳልኩት» አለ። «እንዲያው በረኛን ነው የሳልኩት። በረኛ ሁሉ ያው አይደለች? ቆብ፣ መጥረጊያ፣ ግንዲላ። ሰው ሲስቅ በእከሊት ብሎ አይደለም የሚስቀው።»

«ያው?! እኔና ኖሪን ያው ነን? እኔና ያቺ የሥጋ ቤቱ በረኛ፣ ደብዳቤ በእንፋሎት የምትከፍተው፣ ያው ነን? ታዲያ አንተ ስታጣጥር የትኛዋ ያው ናት ግንዲላ ያመጣችልህ? ማዶ ያለችው መጣች? ንገረኛ!»

«ጎረቤት ይሰማል ማዳም ዜሊ...»

«ይስማ! መንገዱ ሁሉ ሰምቶ የለም? ቃሌንስ? ቃሌንም ከበረኛ ሁሉ ነው የሰማኸው?»

ሲፕሪያን ጨርቁን እጁ ላይ ጠቀለለው። «ቃሉ ጥሩ ቃል ነበር» አለ በመጨረሻ። «እውነቴን ነው። ያን ቀን አንጀቴን በላኝ። መጀመሪያ እንደሆነው አድርጌ ልስለው ነበር፤ አሮጊት፣ ደረጃ፣ እንጨት። ግን ማን ይገዛዋል? ሰው ሥዕል የሚገዛው ሊስቅ ነው። ሐሙስ ደረሰብኝ፣ ድንጋዩ ባዶ ነበር። ስለዚህ ገለበጥኩት።»

«አንጀትህን በላሁትና አዋረድከኝ!» አለች ዜሊ። «ላቱሽ ሊያባርረኝ ነው። ነገ ይጠራሃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በአንተ አንድ ሐሙስ!»

«ላቱሽን ለእኔ ይተዉት። ምን ያህል ቂል እንደሆነ አላውቅም መሰለዎት? አንድ ዘዴ አለኝ። እርስዎ ብቻ አንዲት ቃል አይተንፍሱ።»

ከምድጃው የሚወጣው ሙቀት ቀሚሷን ነካት። አሁን እንጨት በሽ በሽ ነው፤ ያቺ ሥዕል ተሸጣለች። ዜሊ ምድጃውን አየች፣ እሱን አየች፣ ወጣች።

በማግስቱ ከምሳ በፊት ላቱሽ ሁለቱንም ወደ መመገቢያ ክፍሉ አስጠራቸው። ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ከቀለም ብልቃጡ ጎን። ሲፕሪያን ንጹሕ ኮሌታ አድርጎ ወንበር ተሰጥቶታል። ዜሊ በሩ ጥግ ቆማለች፤ እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ደብቃለች።

«እንግዲህ ወጣቱ፣ ይህ የእኔ በር ነው ወይስ አይደለም?» አለ ላቱሽ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት» አለ ሲፕሪያን ፈገግ ብሎ። «በሥዕሉ ላይ የበረኛዋ መስኮት በየት በኩል ነው?»

ላቱሽ መነጽሩን አደረገ። «በስተግራ።»

«ከመንገድ ወደ እርስዎ ቤት ሲገባስ?»

«በስተ...» ላቱሽ ቆመ። እጁን ወደ ቀኝ ዘረጋ፣ ወደ ግራ ዘረጋ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «በስተቀኝ! የእኔ በስተቀኝ ነው! በስተግራ ያለው የማዶው ነው!»

እውነት ነው፤ ሁለቱን ቤቶች ሁለት ወንድማማቾች ፊት ለፊት ያሠሯቸው ናቸው፤ ያው በር፣ ያው የወይን ዘለላ፣ ያው ደረጃ። የሚለያዩት የበረኛዋ መስኮት ባለበት ጎን ብቻ ነው። ሲፕሪያን ትከሻውን ነቀነቀ፤ እኔ ስም አልጠራሁም እንደ ማለት።

«የብሪሶ ቤት ነው!» ላቱሽ ወንበሩ ላይ ዘለለ። ከማዶው ቤት ባለቤት ከብሪሶ ጋር በአንድ የዝናብ ቦይ ምክንያት ስድስት ዓመት ሆድና ጀርባ ናቸው። «የብሪሶ በረኛ! ምን ስሟ... ያቺ የምትገለፍጠው! ኖሪን! ሃ! በእኔ ሲስቅ የከረመው በራሱ በር ነዋ! ቆይ፣ ቆይ፣ አሁኑኑ አስታውቀዋለሁ። ለአማቾቼም ግልባጭ እልካለሁ። እሱም እንደኔ ያባርራት እንደሆነ እናያለን!»

ወረቀት ሳበ፣ ብዕሩን ነከረ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ መጻፍ ጀመረ። «ውድ ጎረቤቴ ሆይ...»

ዜሊ ዳነች። ማንም አልነካትም፣ ክፍሏም የእሷ ናት። ደግሞ ኖሪን ናት የምትወድቀው፣ ጣቷን ቀድማ የቀሰረችባት ኖሪን፣ ዳቦ ቤት ሆዷን ይዛ የሳቀችው። ይበላት! ዜሊ ልቧ ውስጥ ደስታ ብልጭ አለ፤ አልዋሽላትም፣ ብልጭ ብሏል። ነገሩ እዚያው ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዝም ብላ ወርዳ ሾርባዋን ትጥድ ነበር።

ሲፕሪያን ግን ከላቱሽ ትከሻ በላይ ቀና ብሎ ጠቀሳት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። አየሽ፣ ተስማማን፣ ተካከልን ማለቱ ነው። አንዷ በረኛ በሌላዋ ተተካች፤ ያው አይደለች?

ዜሊ ቆሽቷ አረረ። እግሯ ራሱ ይዟት ሄደ። ላቱሽ ስሙን ፈርሞ ብዕሩን ሲያነሳ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች።

«ጌታዬ፣ ቀለሙ ደርቋል?»

«ምን አገባሽ?»

ከክምሩ ባዶ ወረቀት አነሳች። ደብዳቤው ላይ አስተኛችው፣ በመዳፏ፣ በዚያ ደረጃ ባጠበ መዳፏ፣ አጥብቃ ጫነችው። ላቱሽ «አበድሽ እንዴ!» ብሎ ጮኸ። ወረቀቱን አንስታ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። ፊርማው ነው፤ ግን ተገልብጦ፣ ጅራቱ ወደ ግራ።

«ይኸው ስምዎ። ተገለበጠ አይደለም? ሥዕሉም ከድንጋዩ ላይ እንዲህ ነው የሚወጣው። ድንጋዩ ላይ በስተቀኝ ነው የሳለው፤ የእርስዎን በር። እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ፣ እዚያው ላይ፣ አልጋው አጠገብ።»

«ማዳም ዜሊ!» አለ ሲፕሪያን ብድግ ብሎ። «ምን እያደረጉ ነው? ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው!»

«ዝም በል አንተ! ኖሪን አይደለችም ጌታዬ። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ዜሊ ማርሻንዶ። ግንዲላውም የኔ ነው፣ ከጋሪዎ ላይ በደንቡ ያነሳሁት፣ ትልቁን ነው ያነሳሁት፣ መርጬ! አሁን ይጠይቁት። ያን ግንዲላ አቅፌ ወዴት ስሄድ ነው ያየኝ? በማን ምድጃ ነደደ? ይጠይቁት!»

ላቱሽ የተገለበጠ ስሙን አየ፣ የተበላሸ ደብዳቤውን አየ፣ ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ሆኖ ወደ ሰዓሊው ዞረ። «እሺ? በማን ምድጃ?»

ሲፕሪያን ጫማውን አየ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። «በእኔ» ብሎ መቀመጥ። ምን ይቀነስበት ነበር? ሐሙስ አይቀርበት፣ ሱቁ አይዘጋበት። ብቻ ያቺ ሥዕል ከዚያ በኋላ አታስቅም። ኮሌታውን ነካ ነካ አደረገ።

«እኔ እንጃ ጌታዬ» አለ። «ያን ሰሞን ትኩሳት ነበረኝ። በደንብ አላስታውስም።»

አያስታውስም! አፈር ያስበላውና፣ አያስታውስም! የግንዲላውን ቅርፊት ሳይቀር መስመር በመስመር የሳለው ሰው፣ የሽርጧን ማሰሪያ የሳለው ሰው፣ የነደደበትን ምድጃ ረሳው። እኔ ይህን ስናገር እስከ ዛሬ እናደዳለሁ፤ ዜሊ ግን ያን ጊዜ አልጮኸችም። ረጋ ብላ ነው ያየችው።

«ደህና» አለች። «እኔ አስታውሳለሁ።»

ሂጂ ሳይሏት ወጣች። ላቱሽ ከኋላዋ «ሚያዝያ! ሚያዝያ ላይ!» እያለ ሲጮህ ተሰማ።

የሚያዝያው የኪራይ ማብቂያ ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን ከተማው ሁሉ ቤት ይለዋወጣል፤ መንገዱ በእጅ ጋሪ፣ በፍራሽ፣ በወንበር እግር ይጣበባል። የዜሊ ዕቃ አንድ ጋሪ አልሞላም። ባርናቤ ሊገፋላት መጥቷል፤ እማማ ግንዲላ ማለቱን ከተወ ሰንብቷል፣ ምን ብሎ እንደሚጠራት ስለጨነቀው ምንም አይላትም። የምትሄደው ከከተማው በር ውጭ ወዳለችው የባሏ እህት ዘንድ ነው፣ ልብስ ልታጥብላት፣ እጇ እስከቻለ። ሲፕሪያን በዚያ ሳምንት ሌላ ሠፈር ሄዷል፤ በሚያዝያ ዕቃ ጫኞች ያሾፈበት ሥዕሉ መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ ሰው ይስቅበታል።

ኖሪን መንገዱን ተሻግራ መጣች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። ዜሊ ፍራሹን በገመድ ታስር ነበር።

«ልትሄጂ ነው እንግዲህ?»

«እንደምታይኝ።»

«ያን ጊዜ ስስቅ... መቼም ቀልድ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔም እኮ ፈርቼ ነው። በሩ የእኔንም ይመስላል። ቀድሜ አንቺ ነሽ ካላልኩ እኔ ነኝ ሊሉ!» ሳቅ አለችና ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠለች። «እንዲያው... ሙሴ ላቱሽ ሰው አግኝቷል እንዴ? የእህቴ ልጅ ከገጠር መጥታለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጠንካራ፣ ታማኝ። አንቺ አንድ ቃል ብታስገቢላት...»

ዜሊ ገመዱን ለቀቀችው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። አንቺ ዛሬ እዚያ ደጅ ላይ የቆምሽው በማን መሰለሽ? አፏን ከፈተች። ብትነግራት ኖሪን ታለቅሳለች። ካለቀሰች በኋላ ትምላለች፣ ትስማታለች። ከሳመቻት በኋላ ያው የእህቷን ልጅ ታስገባለች። ዜሊ የኖሪንን እጅ አየችው፤ ቀይ፣ በሳሙና ውሃና በብርድ የተሰነጣጠቀ፣ ከራሷ እጅ የማይለይ። አፏን መልሳ ዘጋች። ንዴቷ አልበረደም፤ ግን በኖሪን ላይ አልነበረም።

«አላገኘም» አለች። «ሂጂ ዛሬውኑ ጠይቂው።»

«ውይ ዜሊዬ! እግዚአብሔር ይስጥሽ!»

«አንድ ነገር ግን ንገሪያት።»

«ምን?»

ባርናቤ ጋሪውን አነሳ። ዜሊ ካፖርቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ የጋሪውን ጎን በእጇ ደገፈች።

«ማገዶ ሲገባ ትልቁን ታንሳ በያት። አንስታም በራሷ ምድጃ ታንድደው።»